ለአንድ ሰዓት ብቻ

ሻለቃው የመጡት አመሻሽ ላይ ነው፤ ብቻቸውን፣ በባጃጅ። ቢሯችን ከአሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም የማትርቅ፣ ግቢዋ ውስጥ ሁለት የማንጎ ዛፍ የቆመባት የኪራይ ቤት ነበረች። እኔ ያኔ የአንድ እርዳታ ድርጅት የጭነትና የመንገደኛ መዝጋቢ ነበርኩ። ሥራዬ ካርቶን መመዘን፣ ሰው መመዘንና ስም መጻፍ ነው። አዎ፣ ሰውም ይመዘናል። አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች እያንዳንዷ ኪሎ ትቆጠራለች።

ሻይ አቀረብኩላቸው። ነገሩን አላዞሩትም።

«ወንድሜ፣ አውሮፕላናችሁ ዛሬ እዚሁ ነው የምታድረው አይደል?»

ዝናብ ይዟት ነበር፤ እዚሁ ማደሯ ነው።

«ነገ ጠዋት አከራዩን። ነዳጁን እንሞላለን፣ ኪራዩን በደረሰኝ እንከፍላለን። መንገዱን ከላይ አይተን እንመለሳለን። ለአንድ ሰዓት ብቻ።»

ጊዜው 2014 ዓ.ም. ነው። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በወለጋ በኩል የሚያመጣው መንገድ ደግሞ አንዴ ሲከፈት አሥር ጊዜ ይዘጋ ነበር። ከካማሺ ዞን ወረዳዎች ጋር መገናኘት ጭንቅ የሆነበት፣ መተከል በኮማንድ ፖስት ሥር የነበረበት ጊዜ ነው። ሻለቃው ከእርዳታ ድርጅቶች ጋር የሚሠሩ አገናኝ መኮንን ነበሩ። ኬላ ላይ መኪናችን ሲያዝ የምንደውለው ለእሳቸው ነው። አንድም ቀን «ነገ ደውል» ብለውኝ አያውቁም። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር። ክፉ ሰው እምቢ ይባላል፣ በቃ ያልቃል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ እሺ ማለት ፈልጌ ነበር።

* * *

ምክንያቶቼ ሦስት ነበሩ። ዛሬ ቁጭ ብዬ ስጽፋቸውም ሞኝነት አይመስሉኝም።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። በዚያ ወር በገንዘብ እጥረት ሁለት በረራ ተሰርዞብን ነበር። የተሰረዘ በረራ ቢሮ ውስጥ የተሰመረበት አንድ መስመር ነው። የሚጠብቀው ሰው ጋ ሲደርስ ግን ኢንሱሊን ነው፣ ምጥ የጠናባት ሴት ናት፣ ከጤና ጣቢያ ግድግዳ ተደግፎ ሰማይ ሰማይ የሚያይ አባት ነው። የአንድ ሰዓት ኪራይ ከተሰረዙት አንዱን እንኳ በግማሽ ይመልሳል። አውሮፕላኗ ሜዳ ላይ ቆማ ዝናብ ከሚወርድባት ሠርታ ብትገባ ማንን ይጎዳል?

ሁለተኛው መንገዱ ራሱ ነው። መንገዱ ደህና መሆኑ ቢታወቅ የሚያልፍበት ወታደር ብቻ አይደለም። እህል የጫነው አይሱዙም ያልፋል፤ ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ ለቅሶ የሚሄደውም ያልፋል።

ሦስተኛው ወገን ነው። ወታደሩ የማን ልጅ ነው? የአክስቴ ልጅ ወታደር ነው። «ገለልተኛ ነን» የሚለው ቃል ከጄኔቭ ተተርጉሞ ሲመጣ ያምራል። ነገ በዚያ መንገድ የሚያልፈው የአክስትህ ልጅ ሲሆን ግን ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል።

አለቃዬ አዲስ አበባ ነበሩ፤ ስልኩ አልሠራ አለ። ስለዚህ ወደ ካፒቴኑ ሄድኩ። ያረፉበት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ። እስክጨርስ አዳመጡኝና ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ «አይሆንም» አሉ።

እኚህ ሰው ቢሾፍቱ የሠለጠኑ፣ ወጣትነታቸውን በአየር ኃይል ያሳለፉ አብራሪ ናቸው። ስለዚህ «ወታደር ስለሚጠሉ ነው» ብዬ ማሳበብ አልቻልኩም።

«እኔ ከላይ ሆኜ መሬት ሳይ የማየው ቀለምና ቅርጽ ነው» አሉኝ። «መሬት ላይ ያለው ሰውም ወደ ላይ ሲያይ እንደዚያው ነው። የኪራይ ውላችንን አያነብም። በጠዋት ነጭ አውሮፕላን ከራሱ በላይ ስትዞር ካየ፣ ከሰዓት በኋላ የምትመጣውም ያቺው ናት።»

ትንሽ ቆዩና ጨመሩበት። «ቁስለኛ ካላቸው ግን በፈለጉት ሰዓት ያምጡ። ዩኒፎርም አልጠይቅም። መሣሪያ ብቻ ውጭ ይቀመጥ።»

ሻለቃውን በስልክ እምቢ ማለት ነውር መሰለኝና በእግሬ ሄጄ ነገርኳቸው። «ገባኝ» አሉ። ፊታቸው ግን የገባው ሰው ፊት አልነበረም።

* * *

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው አልለቀቀኝም። ወታደር ከሲቪል በጎ ፈቃደኞች አውሮፕላን ቢከራይ ምን ችግር አለው? እንዲያውም በሌላ ሀገር ወታደርና ሲቪል በጎ ፈቃደኛ በራሪ አብረው መሥራታቸው ተራ ነገር ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሲቪል ኤር ፓትሮል የሚባል የበጎ ፈቃደኛ በራሪዎች ድርጅት አለ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ነው፤ ፐርል ሃርበር ከመመታቱ 6 ቀን ቀደም ብሎ። አባላቱ መምህር፣ ነጋዴ፣ ጡረተኛ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በትንንሽ አውሮፕላኖቻቸው የባሕር ዳርቻ ይጠብቁ ነበር፤ ኋላ ላይ ቦምብ የታጠቁም ነበሩባቸው። ከ1948 ጀምሮ የአየር ኃይሉ ረዳት ተብሎ በሕግ ታወቀ። ዛሬ ከ500 የሚበልጡ ትንንሽ አውሮፕላኖች አሉት፤ አብዛኞቹ ሴስና ናቸው። የጠፋ አውሮፕላን ይፈልጋሉ፣ ጎርፍ ያጥለቀለቀውን ሀገር ፎቶ ያነሳሉ፣ ልጆች ያስተምራሉ። አየር ኃይሉም አገናኝ መኮንኖች መድቦላቸዋል። ማንም ጉድ አይልም።

እዚያ ለምን እንደሚሠራ ሳስበው ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ ከታች የሚተኩስ የለም። በካንሳስ ሰማይ ላይ ሴስና ስታልፍ ቀና ብሎ «የማን ወገን ናት?» የሚል ገበሬ አይገኝም። ሁለተኛ፣ መስመሩ በግልጽ ተጽፏል። በ2000 የወጣ ሕግ ድርጅቱ የአየር ኃይል ረዳት የሚሆነው ለፌዴራል መንግሥት ተልዕኮ ሲሰማራ እንደሆነ፣ ከዚያ ውጭ ግን ተራ የሲቪል ማኅበር እንደሆነ ደንግጓል። ያቺው አውሮፕላን ሰኞ ረዳት ወታደር፣ ማክሰኞ ሲቪል ትሆናለች። ሰኞና ማክሰኞን የሚለየው ወረቀት ነው። ወረቀቱም የሚሠራው ሰላም ስላለ ነው።

የዓለም አቪዬሽን ሕግም ነገሩን በዚሁ መንገድ ነው የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው፣ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት ስምምነት በ3ኛው አንቀጹ አውሮፕላንን ሲቪልና የመንግሥት ብሎ ይከፍላል። ለወታደራዊ፣ ለጉምሩክና ለፖሊስ አገልግሎት የዋለ አውሮፕላን የመንግሥት ነው ይላል። ልብ በሉ፤ የባለቤቱን ስም አይጠይቅም፤ ምን እየሠራች ነው ብሎ ነው የሚጠይቀው። የእኛም ነጭ አውሮፕላን ለዚያች አንድ ሰዓት ሌላ ነገር ትሆን ነበር ማለት ነው። ቀለሟ ሳይቀየር።

* * *

እዚህ ላይ ቶሎ ብሎ «ወታደር ከእርዳታ ይራቅ» ማለት ይቀላል። የራሳችን ታሪክ ግን ይህን ያህል ቀላል አይደለም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድን አስቡት። በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የነበሩት አውሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የአሜሪካ ጦር ሲ-47ዎች ናቸው። መንገደኛው ለወታደር በተሠራ፣ በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት እየተያየ ይሄድ ነበር። ዛሬ የምንኮራበት ነገር ከወታደር ዕቃ ነው የተወለደው።

ወይም የ77ቱን ድርቅ አስቡት። በዚያ ዓመት በሀገራችን ሰማይ ላይ ብዙ የወታደር አውሮፕላን ነበር። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ እህል አመላልሰዋል፤ መኪና በማይደርስበት ደጋም ዝቅ ብለው እየበረሩ ከረጢት ጥለዋል። የምዕራብ ጀርመን ጦር ትራንሳሎችም ነበሩ። እህል የሚጣልበትን ሜዳ የሚያዘጋጁት ደግሞ የፖላንድ ጦር ሄሊኮፕተሮች ናቸው። በአውሮፓ ቢሆን ጠመንጃ የሚማዘዙ የኔቶና የዋርሶ ወታደሮች ወሎ ላይ አንድ ከረጢት ተቀባበሉ። ወታደር መሆናቸውን ማንም አልደበቀም፤ በክንፋቸው ላይ ተጽፏል። ያ እህል የወታደር ስለሆነ ረክሷል የሚል ካለ፣ ያን እህል በልቶ ካደገ ሰው ጋር ይከራከር።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሰማይ፣ የሶቭየት አንቶኖቮችም ይመላለሱ ነበር። የጫኑት ሰው ነው። ደርግ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር ከዋና ዋናዎቹ መድረሻዎች አንዷ አሶሳ ነበረች። ወዶ የመጣ አለ፤ በግድ የተጫነ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ የተለየ፣ በአውሮፕላንና በአውቶቡስ እንደ ዕቃ ተጠቅጥቆ የመጣም አለ። መሬቱ ደግሞ ባዶ አልነበረም፤ የበርታና የሌሎቹ የአካባቢው ሰዎች መሬት ነው። ዛሬም አሶሳ ዙሪያ «አምባ» ተብለው በቁጥር የሚጠሩ መንደሮች አሉ። ይህ ሁሉ የተሠራው በድርቅ እርዳታ ስም ነው።

እንግዲህ ዩኒፎርሙ ብቻውን አይነግረንም ማለት ነው። ወታደሩ እህል ሲያወርድ አይተናል፤ «እርዳታ» የሚለው ቃል ደግሞ ሰው ሲያግዝ አይተናል። ታዲያ መስመሩ የት ጋ ነው?

* * *

ይህን ጥያቄ በሕይወቱ ሙሉ ተሸክሞ የዞረ አንድ ሰው አለ። ስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ነው። ኢትዮጵያ የመጣው በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ነው።

በዚያ ጦርነት የቀይ መስቀል ምልክት ከለላ መሆኑ አብቅቶ ነበር ማለት ይቻላል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ተመታ፤ አልጋ ላይ የነበሩ ቁስለኞች አለቁ። በመጋቢት ወር ደግሞ ፎን ሮዘን የሚያበራት፣ ቀይ መስቀል የተቀባባት ፎከር አውሮፕላን ኮረም ሜዳ ላይ እንደቆመች ተደብድባ ነደደች። ጣሊያኖች ለዓለም ያቀረቡት ሰበብ ምን ነበር? «ምልክቱ የወታደር መሸፈኛ ሆኗል» የሚል ነው። ሰበቡ ወንጀላቸውን አያነጻም። ግን ለምን ይህን ሰበብ መረጡ? ምልክቱን ዋጋ የሚያሳጣው እሱ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። በጊዜው ይሠራበት የነበረው የ1929 የጄኔቭ ስምምነት፣ በ18ኛው አንቀጹ፣ ለሕክምና አውሮፕላን ከለላ የሰጠው ቁስለኛና ሕመምተኛ ለማንሳት፣ ሐኪምና መድኃኒት ለማመላለስ «ብቻ» እስከዋለች ድረስ ነው። ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በዚያች «ብቻ» ላይ ነው።

«ለአንድ ሰዓት ብቻ» ከሚለው ከሻለቃው «ብቻ» ጋር እነዚህ ሁለት «ብቻ»ዎች አብረው መኖር አይችሉም። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

ፎን ሮዘን ግን ራሱ ይህን መስመር ደጋግሞ ተሻግሮታል። በፊንላንድና በሶቭየት ጦርነት ጊዜ ዲሲ-2 የመንገደኛ አውሮፕላን ቦምብ ጣይ እንድትሆን አስለውጦ ለፊንላንድ ተዋጋባት። ከ1945 እስከ 1956 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ካደራጁትና ካሠለጠኑት ዋናው ነበር፤ የእኛ ካፒቴን የተማሩበት የቢሾፍቱ ትምህርት ቤት ከእሱ ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው። ከዚያ ቢያፍራ መጣ። በ1968 የተከበበውን ሕዝብ ለመመገብ በቀን ብርሃን ከዛፍ ጫፍ ሳይርቅ በርሮ መድኃኒትና ምግብ አደረሰ። ቀጥሎ ያየው ነገር ልቡን ሰበረው፤ እህል ብቻ ማመላለስ የሚሞተውን ሰው ቀን ከመቁጠር አያድነውም ብሎ አመነ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 1969 አምስት ትንንሽ የሲቪል አውሮፕላኖች ሮኬት ታጥቀው፣ እሱ እየመራቸው፣ የናይጄሪያን አየር ኃይል ፖርት ሃርኮርት ላይ መቱ።

ልክ በ2 ሳምንቱ፣ ሰኔ 5፣ የናይጄሪያ ተዋጊ ጄት የቀይ መስቀልን ዲሲ-7 የእርዳታ አውሮፕላን መትቶ ጣለ። ሠራተኞቿ አለቁ። የቀይ መስቀል የአየር እርዳታም በዚያው ተቋረጠ።

አንዱ ሌላውን አመጣው ብዬ አልፈርድም፤ የተኮሰው አብራሪ ኃላፊነት የተኳሹ ነው። ግን ራሴን በዚያ አብራሪ ወንበር ላይ አስቀምጬ አስባለሁ። ትናንት እርዳታ ያመላልስ የነበረው ስዊድናዊ ሰሞኑን በትንሽ የሲቪል አውሮፕላን ሮኬት ተኩሶብኛል። ዛሬ ሌላ የስዊድን አውሮፕላን ወደ ተከበበው ሀገር ስትሄድ አያለሁ። በውስጧ ወተት መኖሩን በምን አውቃለሁ?

ፎን ሮዘን ለቢያፍራ ያደረገው በፍቅር ነው፤ ይህን የሚጠራጠር የለም። ከዚያ በኋላም በ1974 የእኛን ርሃብተኛ ለመርዳት መጥቶ፣ ለጦር የተማረውን ዝቅ ብሎ የመብረር ጥበብ ለከረጢት መጣያ አዋለው። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ፣ ለእርዳታ ሥራ ጎዴ እንዳለ በሶማሌ ተዋጊዎች ጥቃት ተገደለ። ከእኛ ጋር ሞቷል። ስለዚህ እንደ ወቃሽ ሳይሆን እንደ ባለዕዳ ነው የምጽፈው። ቢሆንም እንዲህ እላለሁ፤ አብራሪው በራሱ ሕይወት መወራረድ ይችላል። ያ ድፍረት ነው። በሚቀጥለው በረራ በምትሳፈረው ሴት ሕይወት ግን ማን አወራረደው?

* * *

ነገሩ የገባኝ እዚህ ጋ ነው።

ያን ቀን ሻለቃው የጠየቁኝ አውሮፕላን መሰለኝ። አውሮፕላን የድርጅቱ ንብረት ናት፤ ባለንብረት ደግሞ ንብረቱን ማከራየት ይችላል። ወንበሯን፣ ሞተሯን፣ ነዳጇን፣ የካፒቴኑን ሰዓት ማከራየት ይቻላል። ከአውሮፕላኗ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱን ስትመጣ ከታች የሚያይ ሰው ተኩስ የሚያስከለክለው፣ እናትም ልጇን ሳትፈራ እንድታስረክብ የሚያደርገው ነው። እሱ ደረሰኝ የለውም። የድርጅቱም አይደለም፣ የእኔም አይደለም፣ የለጋሹም አይደለም። የሚፈልገው ሰው ነው ያስቀመጠብን። በእኛ ቋንቋ ስሙ አደራ ነው።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። ልጅ ሆኜ ስሰማው ቤት ለመዝጋት የሚባል ተረት ይመስለኝ ነበር። አደራ ከሌላ ዕቃ የሚለየው በዚህ ነው፤ ባስቀማጩ ፈቃድ ካልሆነ አይነካም። ጎረቤት በግህን አደራ ብሎህ ቢሄድ፣ «ቆማ ከምትውል» ብለህ አታርዳትም፤ ገንዘቡን ብትሰጠውም፣ ጥሩ ዋጋ ብታገኝላትም ያው ነው። ኪራዩን የምንቀበለው እኛ ነን፤ ኪሳራው ቢመጣ የሚከፍለው ግን ውሉ ላይ ስሙ የሌለ ሰው ነው።

ይህ ሰው ደግሞ በዚህ ክልል ዕዳውን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ነው። በ1982 ዓ.ም. ኦነግ ከሻዕቢያ ጦር ጋር ሆኖ አሶሳን ሲይዝ በአቅራቢያዋ ጾሬ የሚባል የሱዳን ስደተኞች ካምፕ ነበረ። በዚያ ዘመን የደቡብ ሱዳኑ ኤስ.ፒ.ኤል.ኤ. የደርግ ወዳጅ ነው፤ በአካባቢውም ይንቀሳቀስ ነበር። ስደተኛውና ታጣቂው በአንድ ዓይን በሚታይበት ቦታ ጦርነቱ ካምፑንም አልማረም። ኡዱኮችና ሌሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ከጦርነት ሸሽተው በመጡበት ሀገር እንደገና ሸሹ። ሴቲቱ ታጣቂ አልነበረችም። ከታጣቂ ጋር ተደባልቃ መታየቷ ግን በቂ ነበር።

ዛሬም ሰማዩ ቀላል አይደለም። የህዳሴው ግድብ ያለው በዚሁ ክልል፣ ጉባ ውስጥ ነው፤ ከመስከረም 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለግድቡ ደኅንነት ሲባል በአካባቢው በረራ መከልከሉ ተነግሯል። ማለትም እዚህ አውሮፕላን ሲታይ ሁሉም ሰው «የማን ናት?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ያላት አውሮፕላን ብርቅ ናት።

* * *

አሁን ስለ ሦስቱ ምክንያቶቼ ምን እላለሁ?

ስለ ገንዘቡ፤ ኪራዩ አንድ በረራ ይመልስልን ይሆናል። ግን የሚቀጥሉትን በረራዎች ሁሉ በመያዣነት አስይዞ ነው። እንዲህ ያለ ብድር ደግሞ ገበያ ውስጥም ሞኝ ብቻ ነው የሚበደረው።

ስለ ወገን፤ ወታደሩ ወገኔ ነው። ካፒቴኑም ይህን አልካዱም። «ቁስለኛ ካላቸው ያምጡ» ማለታቸው ለዚህ ነው። ሲቆስል ሰው ብቻ ይሆናል፤ ወንበርም አለው። ጤነኛና ታጣቂ ሲሆን ግን የራሱ መኪና፣ የራሱ ሬዲዮ፣ የራሱ አውሮፕላንም ያለው መንግሥት አለው። ጤና ጣቢያ በር ላይ የምትጠብቀው ሴት ያለቻት ነጯ ብቻ ናት። ሁለት ልጆች ያሉት አባት አንድ ዳቦ ቢኖረው፣ ሌላ የሚያበላው የሌለውን ልጅ ቢያስቀድም ሌላውን ጠላ አይባልም።

ስለ መንገዱ ግን ልዋሽ አልፈልግም። መልስ የለኝም። መንገዱን ከላይ ማየት ሰው ያድን ይሆናል። «አይሆንም» ስንል በነጻ አላልነውም። ስለ መርህ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይህን ነው፤ መርህ ሲጠበቅ ሁሉም ሰላም እንደሚውል አድርገው ይጽፋሉ። አንዳንዴ መርህህን ትጠብቃለህ፣ ዋጋውን ደግሞ ሌላ ሰው ይከፍላል። እምቢ በማለትም እኮ በሰው ሕይወት ይወረረዳል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ለእኔ ልዩነቱ ቃል ነው። ለሻለቃው መንገዱን እንጠብቅልሃለን ብለን ቃል የገባን ሰዎች አይደለንም። ለዚያች ሴት ግን ነጭ ቀለም ቀብተን፣ በየሳምንቱ እየመጣን፣ ሳንናገር ቃል ገብተንላታል።

ይህ በቂ መልስ ነው? ቀን ቀን በቂ ይመስለኛል። ሌሊት ሌሊት ግን እንጃ።

* * *

ከዚያች ምሽት በኋላ 9ኛው ቀን ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ ጭነት እየመዘንን ሳለ አንድ ፒክአፕ የአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆመ። በዚያ መንገድ ሲያልፍ የነበረ የወታደር መኪና ተተኩሶበት ነበር። ሁለቱ እዚያው ቀርተዋል። አንዱን ልጅ ነው ያመጡት፤ ሆዱ ላይ ተመትቷል፤ አሶሳ ሆስፒታል የተቻለውን አድርጎ ለከፍተኛ ሕክምና ጽፎለታል።

ሻለቃው ከፒክአፑ ወረዱ። ሽጉጣቸውን ከነማህደሩ ፈትተው ለበር ጠባቂው ሰጡ። አብረዋቸው የነበሩት ወታደሮችም ክላሻቸውን በሩ ላይ አስቀመጡ። ማንም አላዘዛቸውም። ያን ምሽት የነገርኳቸውን አልረሱም።

ካፒቴኑ ምንም ሳይሉ ሁለት ወንበር አስነሱ። እኔ ልጁን ከነቃሬዛው መዘንኩት። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ኪሎውን ጻፍኩ። «መሥሪያ ቤት» የሚለውን ቦታ ባዶ ተውኩት። ከጎኑ ከአንድ ጤና ጣቢያ የመጣች፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች፣ ደም ግፊቷ ከፍ ያለባት ሴት ነበረች። እናቷ አብራት ናት። አሮጊቷ ዩኒፎርሙን አየችና ወደ እኔ ዞራ «ልጄ፣ ይሄም ታሟል?» አለችኝ። «አዎ እማማ፣ ታሟል» አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ራቅ ብሎ የነበረውን እግሩን ሸፈነችለት።

የኪራይ ነገር ማንም አላነሳም። አውሮፕላኗ ተንደርድራ ስትነሳ ከሻለቃው ጋር ጎን ለጎን ቆመን አየናት። ዞራ ወደ ምሥራቅ እስክትጠፋ ድረስ ዝም አልን።

ከዚያ ሻለቃው «ያን ቀን አከራይታችሁን ቢሆን ኖሮ…» አሉና አቆሙ።

ልጁ ባልተመታ ነበር ሊሉ ይሆን? ወይስ ዛሬ ይህች አውሮፕላን ባልነበረች? ዞር ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም የትኛውን ሊሉ እንደነበር የሚያውቁ አልመሰሉኝም። በር ጠባቂው ጋ ሄደው ሽጉጣቸውን ተቀበሉ፣ ታጠቁ፣ እጄን ጨበጡኝና ሄዱ።

እኔም ወደ ሚዛኑ ተመለስኩ።